ዕፀገነትና ያልታረደው ቦቃ

ዕፀገነት «ይህን በግ አልሰጥም» ማለቷ ሲሰማ ዘመድ አዝማዱ መጀመሪያ የጠረጠረው ዋጋ ልታስጨምር ነው ብሎ ነው። ቀጥሎ «ብቻዋን መኖሩ አናቷ ላይ ወጣ» ተባለ። የምትናገረውን ከልቧ እንደምትናገር ለመቀበል ግን አንድ ሙሉ የፋሲካ ሰሞን ፈጀባቸው። ሴትዮዋን ቀድመው ቢያውቋት ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባልኖረ።

ከሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚያወርደው ኮረኮንች፣ ፎቅ ገና ያልደረሰባቸው ጥቂት የድሮ ግቢዎች ቀርተዋል። አንዱ የእሷ ነው። ከመንዝ በሙሽርነት ስትመጣ አካባቢው ጤፍ የሚዘራበት ነበር፤ አሁን በአንድ በኩል የመኪና እጥበት፣ በሌላው በኩል ጂም ተከፍቷል። ጂሙ ውስጥ ሰው ብረት እያነሣ ሲያቃስት ከአጥሩ ማዶ በጎች ያመሰኳሉ። ባሏ መንግሥቱ ኤርፖርት ጭነት ጫኝ ነበር። ታሞ ሲሞት አንዲት ሴት ልጅና ጥቂት በጎች ትቶላት ሄደ። ጎረቤቱ ሁሉ በጎቹን ሸጣ ጉሊት ትቀመጣለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ የሳሎኑን ሶፋ ሸጣ የበጎቹን ቤት አሰፋችበት። «ሶፋ አይወልድም» አለች። ከዚያ ወዲህ ሊመክራት የመጣ ሁሉ የሚቀመጠው በርጩማ ላይ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና የጠቡን መነሻ ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያዋን እናት በግ የገዛላቸው የመንግሥቱ ታላቅ ወንድም ጋሽ ገብረሰንበት ነበሩ፤ ቦሌ ሚካኤል በርና መስኮት የሚበየድበት የብረት ቤት ያላቸው፣ ሰው የሚያከብራቸው ሰው። መንግሥቱ ውለታ አንጀቱን የሚበላው ዓይነት ስለነበር፣ በጎቹ በርከት ባሉበት በመጀመሪያው ፋሲካ ከግልገሎቹ ሁሉ ያማረውን መርጦ ለወንድሙ ወሰደ። በዓመቱም ደገመው። በሦስተኛው ዓመት ስጦታ መሆኑን የሚያስታውስ ጠፋና «የታላቅ ድርሻ» ተባለ። በእኛ አገር ስጦታ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ግብር ይሆናል። መንግሥቱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ጋሽ ገብረሰንበት ቅዳም ሹር በመጣ ቁጥር በፒክአፕ ራሳቸው ይመጡ ጀመር። በረቱ ውስጥ ገብተው የአንዱን ወገብ ይጨብጣሉ፣ የሌላውን ላት በመዳፋቸው ይመዝናሉ፣ ከዚያ አንዱን ጠቁመው «እሱን» ይላሉ።

ክፉ ሰው ግን አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለ። የወንድማቸውን ድንኳን ያቆሙት፣ የሠልስቱን ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም ማንም እንዳይረሳው በየአጋጣሚው ያነሡታል።

ታዲያ ከዓመት ዓመት የዕፀገነት ግልገሎች በአካል እያነሱ መጡ። በአንድ ወቅት ደረቱ ሰፊ፣ ላቱ የሞላ ጠቦት ከሚወጣበት በረት አሁን የሚወጣው አንገቱ የቀጠነ፣ ገዢ ሲያየው «ይሄ ታሞ ነበር?» የሚለው ሆነ። መንደርተኛው ምክንያቱን አላጣም። ዋናው ተከሳሽ ከኤርፖርቱ እየተነሣ በግቢው ላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ነበር። «በላያቸው ላይ ሲያገሳ እየዋለ እንዴት ይደጉ? ሲደነግጡ ሥጋቸው ይረግፋል» ይላል የመኪና እጥበቱ ባለቤት። ሌላው ቡዳ ነው ይላል። ጋሽ ገብረሰንበት ግን በአንዱ ፋሲካ፣ ከበረቱ በጎች ዓይናቸው የሚያርፍበት አጥተው ሲንገላቱ ቆይተው፣ «የእጅ ነገር ነው። መንግሥቱ እያለ እንዲህ አልነበሩም» ብለው ሄዱ።

ይቺ ቃል ዕፀገነትን አንጀቷ ድረስ ዘልቃ ወጋቻት። ልጅ ሆና ከአባቷ በጎች ጋር ያደገች ሴት «እጅሽ» ስትባል ዝም ትላለች ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ያን ክረምት እልህ ይዟት ግቢውን ገለበጠችው። በጎቹ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ሲያድሩ ግልገሎቹ ሳል እንደሚይዛቸው አይታ ነበርና፣ ከሕንፃ ሥራ የተጣለ ጣውላ ሰብስባ ከመሬት ከፍ ያለ ወለል አሠራች፤ ሽንቱ በክፍተቱ ይወርዳል፣ በጎቹ በደረቅ ይተኛሉ። አውራውን እስከ ግንቦት ለይታ ማሰር ጀመረች፤ የሚወለደው በነሐሴ ብርድ መሆኑ ቀርቶ፣ ሣሩ ለምለም ሰማዩም ብሩህ በሆነበት ጥቅምት እንዲሆን። እርጉዞቹ ሊወልዱ ሲቃረቡ ፉርሽካና ፋጉሎ ጨመረችላቸው፤ ለራሷ ዘይት ስትቆጥብ ለእነሱ አልቆጠበችም። ግልገል ሲወለድ እግሩ ከመጽናቱ በፊት አፉን ከእናቱ ጡት ታደርሰዋለች፤ እንገሩን ያልጠባ ግልገል ቢኖርም የኖረ አይደለም ትላለች። መንታ ያረገዘችዋን ለብቻዋ ትመግባለች። የትል መድኃኒቱንም ጊዜውን ጠብቃ ታስውጣለች። ከቦሌ ምግብ ቤቶች የጎመን ቅጠልና የካሮት ልጣጭ በማዳበሪያ ጆንያ ሞልታ በሚኒባስ ስታመጣ፣ ረዳቶቹ «ማዘር፣ ይሄ እኮ የሰው ታክሲ ነው» ሲሏት፣ «እኔስ ምን መሰልኩህ?» ብላ ትቀመጣለች።

የግልገሎቹ ሞት ቆመ። የሚያስል ግልገል ጠፋ፣ የሚያነክስ ጠፋ፣ ሁሉም ጤነኛና ንቁ ሆነ። ግን አላደጉም። ትንሽና ጤነኛ፣ ንቁና ጫጫ ሆነው ቀሩ። ዕፀገነት በረቱ ደፍ ላይ ቆማ ስታያቸው ንዴቷ ማረፊያ ያጣል፤ ሳታደርግ ያስቀረችው ነገር ቢኖር ኖሮ ባልከፋት።

መፍትሔው የመጣው በአንዲት አንካሳ በግ ነው። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ በግ የሚነግድ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው አለ፤ ቀልደኛ፣ አፉ የማያርፍ፣ ሚዛኑ ግን የማይዋሽ። ከወሎ በአይሱዙ ከጫናቸው መካከል አንዷ ዳማ በግ መንገድ ላይ እግሯን ተጎድታ ገዢ አጣችና ዕፀገነት ወሰደቻት። እርጉዝ ነበረች። ጥቅምት ላይ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ወንድ ወለደች፤ ቦቃ ተባለ። በዚያው ሰሞን ከቤት በጎችም አንዷ ወንድ ወለደች። ሁለቱ በአንድ ወለል ላይ ተኙ፣ አንድ ዓይነት ፉርሽካ ላሱ፣ በአንድ አውሮፕላን ደነገጡ። የቦቃ እናት እንዲያውም አንካሳ ስለሆነች ከገንዳው የምትደርሰው ሌሎቹ ከጠገቡ በኋላ ነበር። ጥር ሲጠባ ግን ቦቃ ከዚያኛው አጠገብ ሲቆም ታላቅ ወንድሙ ነበር የሚመስለው።

ሰይድ ቆዳ ሊጠይቅ ብቅ ያለ ቀን ያዘችው።

«ለዚያች በግህ ምን አብልተሃት ነው የሸጥክልኝ?»

«ወላሂ ምንም! የመንገድ አቧራ ነው የበላችው» አለ ሰይድ እየሳቀ። ቦቃን አየ፣ ያንኛውን አየ። «እትዬ ዕፀገነት፣ ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰሙም? የዚህን አባት እኔ አውቀዋለሁ፤ ሐይቅ ገበያ ላይ ባለቤቱ አልሸጥም ብሎ ሰው የተጣላበት አውራ ነው። እስቲ የእርስዎን አውራ ያሳዩኝ።»

አሳየችው። ከበረቱ ጥግ፣ ትከሻው የጠበበ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ላቱ ባዶ ከረጢት የመሰለ በግ ቆሟል። ሰይድ ምሰሶውን ይዞ እስኪንገዳገድ ሳቀ።

«ይሄ? ያረቢ! ይሄንን ደግሞ ማን መረጠው?»

ዕፀገነት አውራውን ደግማ አየችው። ማንም አልመረጠውም ነበር። ከቤቱ የተገኘው እንዲያውም ማንም ስላልመረጠው ነው። ያማረውን ጋሽ ገብረሰንበት ወሰዱት፤ ቀጥሎ ያማረው ለበዓል ተሸጠ፤ ሦስተኛው ተኮላሽቶ ሙክት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ የናቁት፣ ገዢ ያለፈው፣ ለማኮላሸት እንኳ ያልተመኙት በረት ውስጥ ቀርቶ የበጎቹ ሁሉ ባል ሆነ። የእሱ አባትም እንደዚያው የተረፈ ነበር፤ አያቱም። የቤቱ ዘር በየዓመቱ እየተጣራ ሲወርድ ኖሯል፤ ምርጡ በድስት በኩል እየወጣ፣ እንክርዳዱ እየተዘራ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ አውሮፕላኑ በከንቱ ታማ።

ሰይድ ከሄደ በኋላ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ተናደደች። «እጅሽ ነው» የተባለችው ነገር እጇ ላይ አልነበረም፤ በእጇ ያለውን ሁሉ ሌላ ሰው አስቀድሞ እየመረጠ ሲወስድ እሷ በቀሪው ስትታማ ነው የኖረችው። በሳምንቱ ያን የጎበጠ አውራ ለሥጋ ሸጠችውና ለልጇ ነገረቻት፤ «ቦቃ ከዚህ ቤት አይወጣም። ዘንድሮ አውራው እሱ ነው።»

ብሩክታይት ቦሌ መንገድ ላይ ካለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ደነገጠች።

«እማ፣ ጋሼስ?»

«ጋሼ ሌላ ይበላሉ።»

«እማ ሲሪየስሊ፣ ታይሚንጉን እይው እንጂ! የእነ ቢሩክ ሽማግሌዎች ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እኔን ለመጠየቅ ሊመጡ ነው። ማን አባት ሆኖ ሊቀመጥ ነው? ጋሼን አስቀይመሽ እኔን ማን ሊድረኝ ነው? አንድ በግ እኮ ነው!»

«አንድ በግ አይደለም። ከእሱ የሚወለዱት ሁሉ ናቸው። በየዓመቱ 'አንድ በግ ነው' እየተባለ ነው እዚህ የደረስነው።»

«ታዲያ ከሠርጉ በኋላ አታደርጊውም?»

«ከሠርጉ በኋላ ክርስትና አለ፤ ከክርስትናው በኋላ ተስካር ይኖራል። ለእምቢታ የተመቸ ቀን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ብሩክታይት በሩን ገጭ አድርጋ ገባች። ዕፀገነት ልጇ ያለቀሰችውን ሰምታለች። የምትወዳትን ያህል ፈርታላታለች። አባት የሌላት ልጅ በሽማግሌ ፊት ወገን ስታጣ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች። ይሁን እንጂ ቦቃን የመስጠት ሐሳብ አንድም ጊዜ አልመጣባትም፤ የመጣባት ጋሼን እንዴት ሳታዋርድ እምቢ እንደምትላቸው ነው። አስባ አስባ ሰይድ ዘንድ ሄደችና ከእሱ በረት የሚበልጠው የለም የሚባል ሙክት ገዛች፤ ከቦቃ የሚከብድ፣ ላቱ ሲራመድ የሚወዛወዝ። ሥጋ ከሆነ የሚፈለገው ይኸው ሥጋ፤ ክብር ከሆነም ይኸው ክብር። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ቅዳም ሹር ደረሰ። ጋሽ ገብረሰንበት ከቤተ ክርስቲያን የተቀበሉትን ቄጤማ ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ፣ ከብረት ቤታቸው ሁለት ሠራተኞች ጭነው መጡ። በር ላይ ሳመቻቸው፣ ወደ ጉልበታቸውም ዝቅ አለች፤ ጾም የያዘውን ፊታቸውን አይታ በርጩማ አቀረበች። ሙክቱ ደጅ ላይ ታስሮ ቆሟል።

«ይኸው ጋሼ፣ የዘንድሮው። ከሰይድ ነው የገዛሁልዎ፣ እንዳላጎድልብዎ ብዬ መርጬ ያመጣሁት ነው።»

ጋሽ ገብረሰንበት ሙክቱን አልፈው ወደ በረቱ ሄዱ። ቦቃን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያያቸው እሱ ብቻ ነበር። ወገቡን ጨበጡት። ፊታቸው በራ።

«እጅሽ ተሻሽሏል» አሉ። «እሱን።»

«እሱ አይወጣም ጋሼ።»

«ምን አልሽ?»

«አውራ ላደርገው ነው። ደጅ ያለው ይበልጣል፤ ይዩት እስቲ።»

«የገበያ በግ ገበያም አለ። እኔ የምፈልገው የወንድሜን ቤት በግ ነው። የመንግሥቱን ቤት።»

«የመንግሥቱ ቤት ዘር እንዲኖረው ነው እኮ የያዝኩት!» አለች ዕፀገነት፤ ድምጿ ከፍ ብሎ አመለጣት፤ መልሳም አላወረደችውም። «በየዓመቱ ያማረውን መርጠው ወሰዱ፣ እኔ የናቁትን አረባሁ። ከዚያ 'እጅሽ ነው' አሉኝ። ወለሉን ከፍ አደረግሁ፣ ፋጉሎ አበላሁ፣ በብርድ እንዳይወለዱ አደረግሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ይሄ ነው። ይሄን ከሰጠሁዎ በሚቀጥለው ዓመት መጥተው ዓይንዎ የሚያርፍበት አያገኙም፤ ያን ጊዜም እጄ ሊባል ነው።»

ሠራተኞቹ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ገብረሰንበት ወደ አንደኛው ዞረው፣ «አውጣው» አሉ።

ዕፀገነት የበረቱን መዝጊያ ገፍታ ጀርባዋን ሰጠችው። ቁመቷ አጭር ነው፤ በሩን ግን ሞላችው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል ጋሼ። ያንን ሙክት ይውሰዱ፣ ዓመት በዓልዎን በደስታ ያሳልፉ። ይህን ግን ማውጣት ከፈለጉ አስቀድመው እኔን ነው የሚያወጡት።»

ወጣቱ ሠራተኛ ከእሳቸው ትእዛዝ ይልቅ የእሷን ዓይን ፈራና ባለበት ቀረ። ጋሽ ገብረሰንበት ግንባራቸው ላይ ያለውን ቄጤማ አስተካከሉ። ለእሳቸውም ነገሩ በግ ብቻ አልነበረም። ወንድማቸው ከሞተ በኋላ በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ነገር አዘው የሚሰሙባት ያቺ ቀን ብቻ ነበረች፤ አሁን ያቺም ሄደች።

«እንግዲህ ለልጅሽ አባት ፈልጊ» አሉ። ሙክቱን ሳይነኩ ወደ መኪናቸው ገቡ።

በማግሥቱ ፋሲካ ሆነ። ያን ሙክት ዕፀገነት አሳረደችና ሥጋውን ለዕድር ሰዎች፣ ለመኪና እጥበቱ ልጆች፣ ለጂሙ ዘበኛ አከፋፈለች። የባሏ ወገን ግን አንድም እግር አልረገጠም። «እንኳን አደረሰሽ» የሚል ስልክ እንኳ ሲጠፋ ከፋት፤ ከልቧ ከፋት። ብሩክታይት ከጎኗ ትበላለች። ዕፀገነት ጉርሻ አቀረበችላት፤ ልጅቷ ተቀበለች እንጂ አላየቻትም።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው መጡ። ሦስት ሆነው፣ ነጭ ለብሰው፣ በየመቋሚያቸው ተደግፈው ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢባሉ እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ትልቁ ሰው ቤቱን በዓይናቸው ዞሩትና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«የመጣነው ልጃችሁን ለልጃችን ለመጠየቅ ነው። የልጅቷ የአባት ወገን የታል?»

ብሩክታይት ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆና ታዳምጣለች። ዕፀገነት ከበርጩማዋ ተነሥታ ለአባት የተዘጋጀው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«የአባቷ ወገን በእኔ ተቆጥቶ ቀርቷል» አለች። «በጥፋት አይደለም፤ የቤቴን ነገር እኔ ልምረጥ ስላልኩ ነው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ይህችን ልጅ ያበላሁ፣ ያስተማርኩ፣ ስትታመም ሐኪም ቤት ያደርኩ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሁሉ የአባቷ ወገን የታል ብሎ የጠየቀኝ ሽማግሌ አልነበረም። ዛሬም የምትጠይቁት እኔን ነው። ይሄ ለልጃችሁ የሚያሳፍር ከሆነ ሳትቀመጡ መሄድ ትችላላችሁ፤ አልቀየምም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ትልቁን አዩ። ትልቁ ሰው መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንግዲያውስ ከቤቱ ባለቤት ጋር ነው ጉዳያችን» አሉ። «እናቲቱ፣ ምን ትያለሽ?»

«መልሱን በሳምንት እሰጣችኋለሁ። አሁን ተቀመጡና ቅመሱ» አለች ዕፀገነት፤ ወጉ ነውና ቶሎ እሺ አይባልም። ጓዳ ስትገባ ብሩክታይት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «እማ፣ ኖ ዌይ! ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ!» እያለች፣ እየሳቀችና እያለቀሰች።

ግንቦት ላይ ቦቃ ተፈታ። እናቲቱን፣ ያቺን አንካሳ ዳማ፣ ዕፀገነት አስቀድማ ለሰይድ መልሳ በሌላ ቄብ ለውጣታለች፤ እናትና ልጅ በአንድ በረት አይሆንም ብላ። ክረምቱን እንደ ልማዷ አበላች፣ አደረቀች፣ ጠበቀች። ጥቅምት ሲገባ መውለድ ጀመሩ። የመጀመሪያው ግልገል ከእናቱ ሆድ ወጥቶ ሲቆም እግሮቹ ወፍራም ነበሩ። ዕፀገነት ታቅፋ አነሣችውና ወዲያው ከበደኝ ብላ ቁጭ አለች፤ ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች፣ ዕልልም አለች። የመኪና እጥበቱ ባለቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ምን ተገኘ?» ቢላት፣ «አውሮፕላኑ ይቅርታ ጠይቆ ነው» አለችው።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ጋሽ ገብረሰንበት መጡ፤ ከኋላ ተቀምጠው፣ በልተው፣ ሙሽሪትን መርቀው ሄዱ። ለዕፀገነት ከአንገት በላይ ሰላምታ ሰጧት፤ እሷም ጉልበታቸውን ስማ አለፈች። ስለ በግ አልተነሣም።

ቀጣዩ ቅዳም ሹር ላይ ግን ያ ፒክአፕ ከበሩ ቆመ። ጋሽ ገብረሰንበት ወረዱ፤ ዘንድሮ ሹፌሩ ብቻ ነው የተከተላቸው። ከበረቱ ሳይደርሱ ግቢው መካከል ቆሙ።

«ያለ ወንድሜ ቤት በግ ያለፈው ፋሲካ አልጣመኝም» አሉ። ይህን ለማለት ብዙ እንደታገሉ ያስታውቃል። «ዘንድሮስ?»

ዕፀገነት ልቧ ራራ። ቢሆንም ከያዘችው ፈቀቅ አላለችም።

«ዘንድሮ ይወስዳሉ። የሚወስዱት ግን እኔ መርጬ ከጨረስኩ በኋላ ከቀረው ነው። ለዘር የሚሆነውን ለይቻለሁ፤ የሚሸጡትንም ለይቻለሁ። ይሄኛውን ግን ማንም አልመረጠውም።»

ከአጥሩ ሥር የታሰረውን ጠቦት አሳየቻቸው። ጋሽ ገብረሰንበት ቅር እያላቸው ሄዱ፤ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ወገቡን ጨበጡ። እጃቸው እዚያው ቀረ። ላቱን መዘኑት፤ ደግመው መዘኑት። ቀና ብለው በረቱን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ይሄ ነው የተረፈው?»

«እሱ ነው።»

ድሮ ከዚያ ግቢ ምርጥ ብለው የወሰዷቸውን ጠቦቶች ሁሉ በአንድ ብብታቸው ሸጉጠው ነበር ወደ መኪናው የሚያወጧቸው። አሁን የፊት እግሮቹን ይዘው አነሡ፣ አስቀመጡ፣ ሹፌሩን ጠሩ። ሁለቱ ሆነው እየተነፈሱ ፒክአፑ ላይ ሲያወጡት ዕፀገነት እጇን በወገቧ አድርጋ ታያቸዋለች።

«ቀስ ጋሼ» አለች፤ «የተረፈ ነው ብለው እንዳይወረውሩት።»